የአባታችንን ስላይዶች በቤቴ፣ በራሴ ካሜራ ወደ ዲጂታል መቀየር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ አባታችን በ1950ዎቹ ለትምህርት ውጭ አገር ቆይተው ሲመለሱ ካሜራ ይዘው መጥተው ነበርና፣ ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ቤተሰቡን ያነሡት በስላይድ ፊልም ነው። ካረፉ በኋላ አራት መቶ የሚጠጉ ስላይዶች በብስኩት ቆርቆሮዎች ውስጥ አገኘን። ፕሮጀክተራቸው አሁንም ስለሚሠራ ግድግዳ ላይ እያበራሁ በስልኬ ለማንሣት ሞከርኩ፤ ነገር ግን የምስሉ ጠርዝ ይጨልማል፣ ጎኑም ይንጋደዳል። አንዳንዶቹ ስላይዶች ቀልተዋል፤ ጥቂቶቹ ላይ ደግሞ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ወጥቶባቸዋል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አለኝ። እሱ ይበቃኛል ወይስ ስካነር ልግዛ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ካሜራው ይበቃዎታል፤ እንዲያውም ለአራት መቶ ስላይድ ከጠፍጣፋ ስካነር ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ስካነር አንዱን ስላይድ በጥሩ ጥራት ለማንበብ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ አንዴ በሚገባ የተደላደለ ካሜራ ግን ስላይዱን ከመለወጥ ያለፈ ጊዜ አይጠይቅም። የስላይዱ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካሜራዎ ይህን ስፋት ሞልቶ ካነሣው ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ሕትመት የሚበቃ ምስል ያገኛሉ።

የግድግዳውን ሙከራ ግን እባክዎ ያቁሙ። የጠርዙ መጨለምና የጎኑ መንጋደድ ቀላሉ ችግር ነው፤ የሚያሳስበው የአምፖሉ ብርሃንና ሙቀት የስላይዱን ቀለም ራሱን እያደበዘዘው መሆኑ ነው። ኮዳክሮም የተባለው የኮዳክ ፊልም በጨለማ ሲቀመጥ ቀለሙን ለረጅም ዘመን ይጠብቃል፤ በፕሮጀክተር ሲበራ ግን ከብዙዎቹ ፊልሞች ፈጥኖ ይደበዝዛል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ቀለሙ ያልተለወጠው ስላይድ ነው በፕሮጀክተሩ ብዙ የሚጎዳው።

ማክሮ ሌንስ፣ ማለትም ትንሽ ነገርን ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሣ ሌንስ፣ ካለዎት ሌላ አያስፈልግዎትም። ከሌለዎት አንድ የድሮ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና የማራዘሚያ ቀለበቶች ይበቃሉ፤ እነዚህ በካሜራውና በሌንሱ መካከል ገብተው ከቅርብ ለማንሣት የሚያስችሉ ባዶ ቀለበቶች ናቸው። ቀለበቶቹ ብዙ ጊዜ 12፣ 20 እና 36 ሚሊ ሜትር ሆነው በአንድነት ይሸጣሉ፤ ብዙዎች እንደያዙት የካሜራዎ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) 24 በ16 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ የ12 እና የ20ው ቀለበት ሲጣመሩ ስላይዱ ስክሪኑን ልክክ ብሎ ይሞላዋል።

ለብርሃን ጥሩ የቀለም ጥራት ያለው የኤል.ኢ.ዲ ሰሌዳ ይጠቀሙ፤ በማሸጊያው ላይ የቀለም ጥራት መለኪያው (CRI) ከ95 በላይ መሆኑን ያረጋግጡ። የመስኮት ብርሃን ደመና በመጣና በሄደ ቁጥር ስለሚለዋወጥ አያዛልቅም። ስላይዱን በቀጥታ ሰሌዳው ላይ አያስተኙት፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ካላለ የሰሌዳው አቧራና ነጠብጣብ ሁሉ ከምስሉ ጋር ይነሣል። ከጥቁር ካርቶን ለስላይዱ ልክ የሆነ ቀዳዳ ያለው ማስቀመጫ ይሥሩ፤ በዙሪያው የሚያመልጠው ብርሃን ወደ ሌንሱ ገብቶ የምስሉን ጥቁር ቦታ አመዳም እንዳያደርገው የቀረውን ሰሌዳ በሙሉ ይሸፍኑት። በሚያነሡበት ጊዜ የክፍሉን መብራት ያጥፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካሜራውን ከስላይዱ ጋር ትይዩ በማድረግ ላይ ነው። ካሜራውን ቁልቁል በሚያይ ጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይሰሩት፤ ከፎቶ ቤት የተረፈ የድሮ ማጉያ ማሽን ካገኙ ዘንጉ ለዚህ እጅግ ምቹ ነው። ከዚያም ስላይዱ በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ መስታወት አኑረው በስክሪኑ ይመልከቱ። ሌንሱ የራሱን ጥቁር ዓይን በስክሪኑ ልክ መካከል ካየ ተስተካክሏል፤ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ግን ካሜራው ያዘነበለ ስለሆነ እስኪመለስ ድረስ ያቃኑት። ይህችን አሥር ደቂቃ ያልቆጠበ ሰው አራት መቶውንም ስላይድ ከዳር እስከ ዳር ጥርት አድርጎ ያነሣል።

አይ.ኤስ.ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 8 ላይ ያድርጉ፤ ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ሚዛን) ስላይድ በሌለበት በሰሌዳው ብርሃን ላይ አንዴ ለክተው ይቆልፉት፤ ፋይሉንም በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያምቀውና ሳያርመው በሚያስቀምጠው ጥሬ መልክ፣ ያስቀምጡ። ፎከሱን በእጅ፣ ስክሪኑን አሥር ጊዜ አጉልተው ይያዙት፤ ለምሳሌ በነጠላ ጥለት ላይ አነጣጥረው የክሮቹን መስመር ሳይሆን የፊልሙን ቅንጣት እስኪያዩ ድረስ ቀስ ብለው ያዙሩ። ጣትዎ ካሜራውን እንዳያነቃንቀው በሁለት ሰከንድ ማዘግያ ያንሡ። ሂስቶግራሙ፣ ማለትም የምስሉን ጨለማና ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያሳየው የስክሪኑ ግራፍ፣ በቀኝ በኩል ጠርዙን ሳይነካ ሊደርስ ይገባል፤ የነደደ ነጭ በኋላ አይመለስምና።

ስላይዱን ከማንሣትዎ በፊት በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ አቧራውን ያራግፉለት፤ አሁን ያልተነፋች ቅንጣት ኋላ በኮምፒውተር አንድ በአንድ ትለቀማለች። የሸረሪት ድር የሚመስለው ሻጋታ ነው፤ የሚመገበውም የፊልሙን ጄላቲን ነው። ሻጋታ የነካው ጄላቲን በውኃ ስለሚሟሟ ውኃም ሆነ እርጥብ ጨርቅ ከቶ አያስነኩት። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮልም ቀሪው ውኃ በመሆኑ አይሆንም። እነዚያን ስላይዶች ከሌሎቹ ለይተው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጥረጉና እንዳሉ ያንሡአቸው።

የቀሉት ስላይዶች እንደ ኤክታክሮም ያሉ የዚያ ዘመን ፊልሞች ሳይሆኑ አይቀሩም። ቀለማቸው ከሦስት ንብርብር የተሠራ ሲሆን፣ በጨለማም ቢቀመጡ ቀይን የሚከላከለው ሰማያዊ አረንጓዴው ንብርብር ቀድሞ ስለሚሳሳ ነው ምስሉ የሚቀላው። በኮምፒውተር የቀዩን፣ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ጥቁርና ነጭ ጫፍ ለየብቻ ሲያስተካክሉ ብዙው ቀለም ይመለሳል፤ የቆዳ ቀለምና ሰማይ መልክ ሲይዙ ማየት በእውነት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ያረሙት ቅጂ ሌላ ይሁን፤ ሮው ፋይሉ ሳይነካ ይቀመጥ።

አንድ ያልጠየቁኝን ነገር ልጨምር። የእያንዳንዱን ስላይድ ፍሬም ራሱን በስልክዎ ያንሡት። አባትዎ በእስክርቢቶ የጻፉት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ብዙ የኮዳክ ካርቶኖች ላይም ወርና ዓመት ታትሟል። «ጁን 67» የሚል ካገኙ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ቀን 1959 ዓ.ም. ማለት ነው፤ «ኖቬምበር 67» ከሆነ ግን ዓመቱ 1960 ነው፣ መስከረም በመካከል ስላለ። ይህ ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ፎቶው የተነሣበት ቀን አይደለም። ኮዳክሮም በተወሰኑ ላቦራቶሪዎች ብቻ ይታጠብ ስለነበር ፊልሙ በፖስታ ሲመላለስ ወራት ሊያልፉ ይችሉ ነበር፤ ስለዚህ በጥር የታተመበት ስላይድ ላይ የመስቀል ደመራ ቢያዩ አይደነቁ።

ለፋይሉ የቆርቆሮውንና የስላይዱን ቁጥር ስም አድርገው ይስጡት፣ ለምሳሌ 02-014። ከዚያም እናትዎን ወይም በዕድሜ የገፉ አክስት ካሉ እሳቸውን ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጠው ስልክዎን ድምፅ መቅጃ ላይ ያድርጉና «ከግራ ወደ ቀኝ እነማን ናቸው?» ብለው ይጠይቋቸው። የድምፁንም ፋይል በዚያው ቁጥር ይሰይሙት።