ጎረምሳው ቀንድ አውጣዎቹን፣ አልጌው ገንዳውን

ከዋሽንግተን ዲሲ የጻፈችልኝ እህቴ ችግር ባጭሩ ይሄ ነው። ባለ 75 ጋሎን የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ አላት። ውስጡ ያለው አንድ ፒካሶ ትሪገርፊሽ ብቻ ነው፤ ልጇ «ጎረምሳው» ብሎታል። ድንጋዩ፣ መስታወቱ፣ የፓምፑ አፍ ሳይቀር ፀጉር በመሰለ አረንጓዴ አልጌ ተሸፍኗል። አልጌውን ይበሉልኛል ብላ 30 ቀንድ አውጣና 10 ሄርሚት ክራብ (በባዶ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር ትንሽ ሸርጣን) ገዛች። በሁለት ሳምንት የተረፋት ባዶ ቅርፊት ነው። አልጌን የሚቀልበውን ፎስፌት ብትለካ ደግሞ ዜሮ ሆነባት። «ሌላ ዙር ቀንድ አውጣ ልግዛ ወይስ መድኃኒት ልጨምር?» ትላለች።

ሁለቱንም ተዪ እህቴ። ለጎረምሳው ውድ ምሳ ነው የገዛሽለት። ትሪገርፊሽ ማለት ቅርፊት ለመስበር የተሠራ ዓሣ ነው። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፣ ጠንካራ ነገር እየሰባበረ ነው የሚሞርደው። አሸዋውን በአፉ ውሃ እየተፋ ይገልጥና ሥር የተደበቀውን ሳይቀር ያወጣል። እኔም የዓሣ ገንዳ የመንከባከብ ሥራዬን ስጀምር ለአንድ ደንበኛ 20 ቀንድ አውጣ ከትቼ፣ በሳምንቱ ስመለስ ሰውዬው ቅርፊቶቹን በሳህን ሰብስቦ ጠበቀኝ። ምንም አላለኝም፣ ሳህኑን ብቻ አሳየኝ።

አሁን ባዶ ቅርፊቶቹን በሙሉ ልቀሚ። ውስጣቸው የቀረ ሥጋ ካለ ይበሰብስና አልጌውን ይቀልብልሻል።

ፎስፌቱ ዜሮ የሆነበትን ነገር ላስረዳሽ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መለኪያው የሚያየው ውሃው ውስጥ የተረፈውን ብቻ ነው። አልጌው ደግሞ ፎስፌቱ እንደገባ ነው የሚውጠው። ሌባው በልቶ አፉን ከጠረገ በኋላ ድስቱን ከፍቶ «እዚህ ቤት ወጥ አልነበረም» እንደማለት ነው። ገንዳው በአልጌ ተሸፍኖ መለኪያው ዜሮ ካለ፣ ፎስፌቱ አልጌው ሆድ ውስጥ ነው ያለው።

ከየት ነው የሚመጣው? ከደብዳቤሽ ሁለት በር አይቻለሁ። አንዱ የቧንቧ ውሃው ነው። «ክሎሪን ማጥፊያ ጨምሬበታለሁ» ብለሻል፣ ጥሩ፣ እሱ ክሎሪኑንና ክሎራሚኑን ያጠፋል። ፎስፌትን ግን አይነካም። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እርሳስ ከቧንቧው እንዳይሟሟ ተብሎ ውሃው ላይ ኦርቶፎስፌት የሚባል የፎስፌት ዓይነት ይጨመርበታል። ለሰው ጥሩ ነው፣ ለገንዳሽ ግን ማዳበሪያ ነው። ውሃው ሲተን በቧንቧ ውሃ በሞላሽ ቁጥር ማዳበሪያ እየጨመርሽ ነው፣ ምክንያቱም የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ፎስፌቱ ግን እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ አር ኦ ዲ አይ በሚባለው ማጣሪያ የወጣ ውሃ ብቻ ተጠቀሚ፣ ጨው ለመበጥበጥም ሆነ የጎደለውን ለመሙላት። ማሽኑ ከከበደሽ የጨው ውሃ ዓሣ የሚሸጡ ብዙ ሱቆች በጋሎን ይሸጡታል። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካ ርካሽ የቲዲኤስ መለኪያ ግዢና ዜሮ ማለቱን ራስሽ አረጋግጪ፣ ሻጩን ብቻ አትመኚ። የተነነውን ስትሞዪ ደግሞ ጨው የሌለበት ውሃ ይሁን፣ ጨው አይተንማ።

ሁለተኛው በር የምግብ ሰዓት ነው። በቀን ሦስቴ አበላዋለሁ ብለሻል! አውቃለሁ፣ መስታወቱ ጋ መጥቶ እንደ ውሻ ዓይን ዓይንሽን ያይሻል፣ ልጁም «ራበው» ይልሻል። አልራበውም፣ ጎረምሳ ነው። በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ይበቃዋል። የቀዘቀዘውን ሽሪምፕ አቅልጠሽ፣ በወንፊት አጥበሽ፣ የቀለጠበትን ውሃ ወደ ማጠቢያው ድፊ። እሱን ውሃ ገንዳው ውስጥ የሚጨምር ሰው ሳይ ያመኛል። በሳምንት ሁለቴ ሽሪምፑን ከነቅርፊቱ ወይም ክላም ከነሽፋኑ ስጪው፣ ለጥርሱ። የተረፈውን ቅርፊት አውጪ።

ከዚያ የጉልበቱ ሥራ። አልጌው የሚወጣው በእጅ ነው። ከገንዳው ውሃ ባልዲ ሙዪ፣ ድንጋዩን አንድ ባንድ እያወጣሽ ባልዲው ውስጥ በአዲስ የጥርስ ብሩሽ ፈትጊ፣ ቆሻሻውን ውሃ ድፊው። ገንዳው ውስጥ ከፈተግሽው ግን ቁርጥራጩ ሌላ ቦታ ሄዶ ይበቅላል። በዚያው ቀን 15 ጋሎን ያህል ውሃ ቀይሪ፣ ለአንድ ወር በየሳምንቱ ይሄንኑ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በየሦስት ቀኑ እጠቢ። መብራቱ በቀን ለ12 ሰዓት መብራቱ ቀርቶ ለ6 ሰዓት ብቻ ይብራ፣ ኮራል የለሽም፣ ማንም አይከፋም። ፎስፌት የሚመጥጠውን የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬም መጠቀም ትችያለሽ፣ ግን እሽጉ ላይ ከተጻፈው በግማሹ ጀምሪ፣ መጀመሪያ ደግሞ ውሃው እስኪጠራ እጠቢው።

አንድ ወር ሞልቶት አልጌው ተመልሶ ሲበቅል ብታዪ ተስፋ አትቁረጪ። ድንጋይ ፎስፌት ይመጥጣል፣ ውሃው ሲጠራ ደግሞ ቀስ እያለ መልሶ ይለቃል። ሁለት ወር ስጪው፣ አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል።

«ታዲያ አልጌ የሚበላ ጓደኛ የለውም?» ካልሽኝ፣ አለ። ፎክስፌስ የሚባለው ቢጫ ዓሣ አልጌ ይወዳል፣ እሾሁ መርዝ ስላለው ትሪገርም ብዙ ጊዜ አይደፍረውም። ግን ለሁለቱ 75 ጋሎን ይጠባል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጎረምሳው ብቻውንም ቢሆን ወደ 25 ሴንቲሜትር ሲጠጋ 125 ጋሎን ይፈልጋል። (የሃዋይ ግዛት መለያ የሆነው ዓሣ የጎረምሳው የቅርብ ዘመድ ነው፣ ስሙም ሁሙሁሙኑኩኑኩአፑአአ ነው። ለልጅሽ ስጪው፣ ቀኑን ሙሉ ይለማመደዋል።) ፎክስፌሱን ከገዛሽ ደግሞ ልጁ እጁን ገንዳው ውስጥ እንዳይከት፣ እሾሁ ክፉኛ ያማል።

ድንጋይ ስታነሺ ጎረምሳው ውስጡ አለመኖሩን እዪ። ሲደነግጥ ቀዳዳ ገብቶ የጀርባውን እሾህ ይገትርና ይቆለፋል፣ ስቦ ማውጣት አይቻልም። እንደዚያ ከሆነ ያንን ድንጋይ ለነገ አሳድሪው። እጅሽን ከመክተትሽ በፊት ደግሞ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀይና ሽቦውን ከላይ እስከ ታች አገላብጠሽ እዪው። ትሪገር ሽቦ ይበላል። የጥርስ ምልክት ካገኘሽበት ያንን ማሞቂያ ጣይው፣ አዲሱን ደግሞ የፕላስቲክ መከላከያ ያለው ግዢ።