ለፕራክቲከም የምትወጪው እህቴ፣ ከጸጥታው በፊት ማን ማንበብ እንደሚችል እወቂ

ሰላም ነሽ እህቴ? ጥያቄሽን አየሁት። የመምህራን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነሽ፣ ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ልትመደቢ ነው። 60 ልጅ እንዴት ጸጥ አሰኛለሁ፣ አርጩሜ ካልያዝኩ ይሰሙኛል ወይ፣ ደሴ ልጠይቅ ወይስ ኮምቦልቻ ብለሻል። ብዙ ሰው "ፊትሽን አጥቁሪ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ጥርስሽን አታሳዪያቸው" ብሎ ይመክራል። እኔ በሁለቱም ከተሞች ተለማምጄ አሁን ኮምቦልቻ አስተምራለሁ። በዚህ ምክር አልስማማም።

ክፍል ውስጥ የሚረብሸው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማይችለው ልጅ ነው። 40 ደቂቃ ሙሉ የማይገባሽን ነገር ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ ብትባይ፣ አንቺስ ከጎንሽ ያለችውን አትቆነጥጫትም? ፊትሽን ብታጠቁሪ ልጁ ለጥቂት ቀን ይፈራሻል፣ ከዚያ ይለምድሻል። ማንበብ አለመቻሉ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ክፍሉን እንዴት ልቆጣጠር ከማለትሽ በፊት ማን ምን ማንበብ እንደሚችል እወቂ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ፕራክቲከም በምልከታ እንደሚጀምር ታውቂያለሽ። ቀጥሎ መምህሩን ታግዣለሽ፣ መጨረሻ ላይ ራስሽን ችለሽ ታስተምሪያለሽ። ብዙዎቻችን ምልከታውን ቅጽ በመሙላት ነው የምንጨርሰው፦ ስንት መስኮት አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ የለም፣ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ ውስጥ ምን ምን መርጃ መሣሪያ አለ። እሱን በአንድ ከሰዓት ሙዪውና ተገላገዪ። የቀረውን ጊዜ ለልጆቹ ስጪ። ከብስኩት ካርቶን ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ቅደጂና መሃሉ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አውጪበት። በእረፍት ሰዓት አንድ አንድ ልጅ እየጠራሽ መጽሐፉ ላይ አስቀምጪውና "ይቺ ማን ናት?" በይው።

ለምን ካርቶን አትዪኝም? ፊደላችን 33 በ7 ቤት፣ በጠቅላላው 231 ነው። ግድግዳው ላይ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል፤ ልጆቹም ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወርዱታል። ጎብኚ ሲመጣ ደስ ይላል። አንዷን ፊደል ነጥለሽ ስትጠይቂ ነው ጉዱ የሚታየው። "ቴ የቷ ናት?" ስትዪው ልጁ በከንፈሩ ብቻ "ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ" እያለ ከመጀመሪያው ይነሳና እዚያ ሲደርስ "ይቺ!" ብሎ ይጮኻል። ትክክል ነው፣ ግን አላነበበም፤ ቆጥሮ ነው የደረሰው። በካርቶኑ ቀዳዳ ስታሳዪው ረድፉ ስለተሸፈነ መነሻ ያጣና ዝም ይላል። የ2ኛ ክፍል ምንባብ እንደ ውሃ የሚጠጡ ልጆች አይቻለሁ፤ መሃል ላይ ያለውን አንድ ቃል ነጥዬ ስጠይቃቸው አያውቁትም። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን እያንቋቁ "ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!" የሚሉት ውስጥም አሉ። እነሱን ብቻ አይተሽ "ክፍሉ ገብቶታል" ብለሽ እንዳታልፊ።

እኔ ያስቸገረኝ ሳድሱ፣ እንደ "ት" ያለው ስድስተኛው ቤት ነበር። ካዕብና ሣልስ ("ቱ" እና "ቲ") ቅጥያቸው ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ሩንና ፉን የመሰሉ ጥቂት አፈንጋጮች ናቸው ያሉት። ሳድስ ግን በየፊደሉ መልኩን ይቀያይራል፤ አማርኛ ደግሞ ያለ ሳድስ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ተራውን ጠብቄ ስድስተኛው ቤት እስኪደርስ ከምቆይ፣ ገና ከጅምሩ በሳድስ ብቻ የሚጻፉ የሰውነት ክፍሎችን አወጣሁላቸው፦ እጅ፣ እግር፣ ጥርስ፣ ክንድ፣ ልብ። ቃሉን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ አፌን አልከፍትም፣ ያነበበ ልጅ ያንን አካሉን ይነካል። 60 ልጅ ባንድ ጊዜ ትፈትኛለሽ፣ ድምፅም የለም። ጥርስ ብለሽ ጽፈሽ እግሩን የሚይዘውን ወዲያው ታዪዋለሽ። ጎረቤቱን አይቶ የሚነካውንም ታዪዋለሽ፤ እሱን በስም ዝርዝርሽ ላይ ምልክት አድርጊበት።

እዚህ ላይ የወሎ ክፍል የራሱ ነገር አለው። የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው የመጡ አሉ፤ ፊደሉን ይለያሉ፣ ግን እያንዳንዱን ነጥለው ጮክ ብለው ስለሚጠሩት ቃሉ ይበተንባቸዋል። ቁርአን ቤት የሚውሉም አሉ፤ አንዳንዱ ደብተሩን ከኋላ ገልጦ ከቀኝ ይጀምርልሻል። እንዳትቆጪው። ሌላ መምህር በሚገባ ያስተማረው ልጅ ነው፣ በቃል የመያዝ አቅሙም ከሌሎቹ ይበልጣል። በሚቀጥለው ደብተሩን ከፍተሽ ገጹ ላይ ግራውን በቀስት አሳዪው፣ ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን በችሎታ ታውቂዋለሽ፦ ቃል የሚያነብ፣ ፊደል ብቻ የሚለይ፣ ዜማውን ብቻ የያዘ። የዕለት ዕቅድሽን ስትጽፊ "የተማሪው ተግባር" የሚለው ሳጥን ውስጥ "ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ" ብለሽ አትለፊው፤ ለሦስቱም የሚሠሩት ነገር ጻፊ። ዜማውን ብቻ የያዘው ከቆርኪ ጀርባ የተጻፉ ፊደላትን ይለያይ፣ ሁለተኛው ቃል ይገጣጥም፣ የሚያነበው ደግሞ አንቀጹን ለጓደኛው ያንብብ። ዕቅዱን የሚያጸድቀው ምክትል ርዕሰ መምህር "ይሄ በዛ" ሊልሽ ይችላል። በትሕትና አስረጅው።

አሁን የ3ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ያገኘሁትን አንድ ልጅ ልንገርሽ፤ የምትፈሪው ዓይነት ልጅ ስለነበረ። ከእኩዮቹ በቁመትም በዕድሜም ይበልጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ትምህርት ተቋርጦ፣ ከዚያ በፊትም ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆነው ስለነበር ወደኋላ የቀሩ ልጆች በየክፍሉ ነበሩ። ይሄኛው በፈረቃው ትርፍ ሰዓት መናኸሪያ አካባቢ ማስቲካና ሶፍት ይሸጣል። ክፍል ውስጥ ግን የሰው እርሳስ መደበቅ ነው ሥራው፤ "ቲቸር ወሰደብኝ" የሚል ክስ በሰዓቱ አይጠፋም። 50 ሲቀነስ 37 ሰጠሁና ደብተሩን ሳየው 27 ብሏል። ግምት መስሎኝ ነበር፤ የሌሎቹን ሳየው እነሱም 27። ከ0 ላይ 7 አይቀነስም ብለው ገልብጠው ከ7 ላይ 0 ይቀንሱና 7 ይጽፋሉ፣ ከ5 ላይ 3 ቀንሰው 2 ይጽፋሉ። ወደሱ ጠጋ ብዬ "የ37 ብር ዕቃ ሸጠህ 50 ብር ሰጡህ፣ ስንት ትመልሳለህ?" አልኩት። ሳላበቃ "13" አለ። "ደብተርህ ግን 27 ይላል፤ 14 ብር ከሰርክ" ስለው ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ "ደብተሩ ነው የተሳሳተው" አለኝ። የሳቅኩትን ሳቅ አልነግርሽም። ከዚያ አስሩን ብር ወደ ዝርዝር መመንዘርን ራሱ ነው ለክፍሉ ያሳየው፣ በቆርኪ። መልአክ ሆነ አልልሽም፣ እርሳስ መደበቁን አልተወም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግን ጊዜ አጣ።

አርጩሜውን በተመለከተ አጭር ነው መልሴ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ስለዚህ ምርጫ የለሽም። "ቲቸር አርጩሜ ላምጣ?" የሚልሽ ተማሪ ይኖራል፣ "ቅጭልኝ" የሚል ወላጅም ይመጣል፣ ማንበርከክን እንደ ቀላል የሚያይ ባልደረባም ታገኛለሽ። አንቺ ገና ተማሪ ስለሆንሽ አትከራከሪያቸው፤ አለማድረግ ብቻ ይበቃል። ልጆቹ ማን እንደማይመታ በሁለት ቀን ያውቃሉ፣ አዎ፣ ይፈትኑሻልም። የምሰጣቸው ሥራ ባለቀብኝ ቀን ብቻ ነው የተቸገርኩት። ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ሥራ በኪስሽ ይኑር።

ስለ መምህራኑ። ደሴ ላይ የተመደብኩባቸው እትዬ የምንላቸው መምህርት ጀርባቸውን ለክፍል አይሰጡም ነበር። የሚያስፈልጋቸውን በእረፍት ሰዓት ሰሌዳው ላይ ጽፈው ይቆያሉ፣ ልጆቹ ሲገቡ ፊት ለፊት ናቸው። እሱን ሰርቄባቸዋለሁ፣ አንቺም ስረቂ። ሌላ ቦታ ያገኘኋቸው ደግሞ ገና ከጅምሩ ጠመኔውን አስጨብጠውኝ ሻይ ቤት ይሄዱ ነበር። እንዲህ ከገጠመሽ አኩርፈሽ ለኮሌጅ ከመክሰስሽ በፊት "ጋሼ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቁጭ ብለው ይዩኝ፣ ድክመቴን ይንገሩኝ" በያቸው። ሰው ሲከበር ይመጣል፤ እኔ ዘንድ መጥተዋል። ጠመኔና ማርከር ግን ከራስሽ ያዢ፤ ለምኖ መውሰድ ያሳንስሻል። ጋውንሽንም እጠቢ፣ ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነው።

ቀን አቆጣጠርሽንም ከከተማው ጋር አስማሚ። ደሴ ሰኞ ገበያ ነው፤ የነጋዴና የገጠር ቤተሰብ ልጅ ሊቀር ስለሚችል አዲስ ርዕስ ሰኞ አትጀምሪ። ዓርብ ለጁምዓ ሲባል ትምህርቱ ቀደም ብሎ ስለሚያልቅ ፈተና ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አትቅጠሪ። ረመዳን ውስጥ 3ኛና 4ኛ ክፍሎች ከታላላቆቻቸው እኩል ለመጾም ይወዳደራሉ፣ በዐቢይ ጾምም እንደዚያው ሳይበላ የሚመጣ አለ። ከሰዓት ፈዞ ያየሽውን ልጅ ሰነፍ ከማለትሽ በፊት ይህን አስቢ።

ለግምገማ የኮሌጅ መምህር ሲመጣ ከኋላ ተቀምጦ ቅጽ ይሞላል። ብዙ ተለማማጅ መምህር በዚህ ተደናግጦ ትምህርቱን በዋዜማው ከተማሪዎቹ ጋር "ያለማምዳል"። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህንኑ አድርጎ፣ በአካባቢ ሳይንስ ስለ ቦርከና ወንዝ ሊጠይቅ ገና "ዛሬ የምንማረው..." ሲል ከፊት ያለች ልጅ "ቲቸር፣ ትናንት ተምረነዋልኮ!" አለችው። ገምጋሚው ቀና ብሎ እንኳ አላየም፣ ጻፈ ብቻ። እኔ ሲመጡብኝ እጅ፣ እግር፣ ጥርሱን ነው ያሠራሁት፤ ማን እንዳልቻለ ስማቸውን ስጠራ ነው ነጥብ የሰጡኝ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጠዋት ፈረቃ ልጆች ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ጉም እጃቸው ደንዝዞ ስለሚገቡ የመጀመሪያውን ደቂቃ በጽሕፈት አትጀምሪ፣ አዘምሪያቸው። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከፍታውም 1850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የከሰዓት ፈረቃ ሙቀቱ ያፈዛል። እዚህ ደግሞ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች አሉ፤ ወላጅ ስታስጠሪ ቀኑን ሳይሆን የሥራ ፈረቃቸውን ጠይቂ፣ አለዚያ አያት ነው የሚመጣልሽ። ቤተሰብሽ ደሴ ከሆነ ደሴ ጠይቂ፣ የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ ይተርፍልሻል። ከከተማው ይልቅ ክፍሉ ላይ ድርድር ቢቻል ግን 2ኛ ክፍልን ለምኚ፤ ዜማውን ብቻ የያዙትን ገና ሳይረፍድ የምታገኚው እዚያ ነው። ምደባው ከተለጠፈ በኋላ አይቀይሩም፣ አሁኑኑ ለአስተባባሪው ንገሪ። ኮምቦልቻ ደርሶሽ ማደሪያ ካስፈለገሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አብሽሪ።