ለወታደሮች ሮቦት ስለመግዛት ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የባለቤትህ ወንድም ዩክሬን ግንባር ላይ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ለእሱ የጦር ክፍል የምድር ሮቦት ለመግዛት ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ አንተ ደግሞ ጀርመን ሆነህ «የምሰጠው ይደርሳል ወይ? ከሮቦቱና ከሌላው እርዳታስ የቱ ይሻላል?» ብለሃል። እኔ ዩክሬን ካርኪቭ ከተማ ተምሬ እዚያው ትዳር የያዝኩ ሴት ነኝ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ፖላንድ ሉብሊን ሆኜ ዕቃ ገዝተው ድንበር ከሚያሻግሩ ሰዎች ጋር እሠራለሁ። ከዚያ ያየሁትን ልንገርህ።

ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው መትረየስ ይዞ የሚሄድ ብረት ይመስለዋል። እንደዚያ ያሉም አሉ። በ2024 መጨረሻ ካርኪቭ አጠገብ ሊፕትሲ በምትባል መንደር «ኻርቲያ» የተባለው የዩክሬን ብርጌድ እግረኛ ሳያሰልፍ በምድር ሮቦትና በድሮን ብቻ ጥቃት መፈጸሙን አስታውቋል። የዕለት ተዕለት ሥራቸው ግን ሸክም ነው። ከግንባሩ ወደ ኋላ 10 እና 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው መንገድ ዛሬ በድሮን ዓይን ሥር ነው። መኪና ከገባ ይመታል። ስለዚህ ውሃውን፣ ጥይቱን፣ ምግቡን ወታደሩ በጀርባው ተሸክሞ በጨለማ ይሄዳል። ሰው ሲቆስል ደግሞ ቃሬዛውን የሚይዙ አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱን ለማዳን አራት ሰው ከምሽግ ይወጣል ማለት ነው። «ቴርሚት» የሚባለው ባለ ሰንሰለት ሮቦት እስከ 300 ኪሎ ይጭናል፣ ቁስለኛም አስተኝቶ ያወጣል፣ የሚነዳው ሰው ግን ርቆ ጉድጓድ ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጧል። ሮቦቱ ቢመታ እናት አታለቅስለትም። እኔ ለዚህ ነገር ገንዘብ ስጠይቅ የማላፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዝቡ ለወታደሩ ማዋጣቱ እዚያ አዲስ አይደለም። በ2014 በምሥራቅ ዩክሬን፣ ዶንባስ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ሠራዊቱ ጫማና ጥይት መከላከያ ልብስ እንኳ አልነበረውም፤ ያለበሰው ሰፈርተኛው ነው። «በሕይወት ተመለስ» እንደማለት ያለ ስም ያለው ትልቁ ፈንድ የተመሠረተውም ያኔ ነው። እኛም አገር በ1990 ዓ.ም. የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ሲነሳ እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ እያዘጋጁ ደረቅ ስንቅ ይልኩ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ያው ስሜት ነው። በ2022 ክረምት መግቢያ ላይ፣ የአውሮፓን በጋ ማለቴ ነው፣ የቴሌቪዥን ኮሜዲያን የነበረው የሰርሂ ፕሪቱላ ፈንድ ሦስት ባይራክታር ድሮን ለመግዛት 500 ሚሊዮን ሂሪቭኒያ (የዩክሬን ገንዘብ) ጠይቆ በሦስት ቀን 600 ሚሊዮን ሰበሰበ። የቱርኩ አምራች ድሮኖቹን በነጻ ሲሰጥ ፈንዱ በገንዘቡ አይስአይ ከተባለው የፊንላንድ ኩባንያ የሳተላይት ምስል አገልግሎት ለሠራዊቱ ገዛ፤ ይህንንም ለሕዝብ በግልጽ ተናገረ። እንዲህ ያለ ግልጽነት ስላለ ነው ሰዉ እስከ ዛሬ የሚሰጠው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሮቦት ገዝቶ ማስረከብ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ገንዘብ ሰብሳቢዎች ፎቶ የሚለጥፉት አዲሱን ማሽን ነው፤ ሰውም ለአዲስ ማሽን ይሰጣል። ማሽኑ ግን ጭቃ ውስጥ ሰንሰለቱ ይወልቃል፣ በብርድ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ በጠላት የሬዲዮ ማፈኛ ግንኙነቱ ይቋረጥና መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። አንዳንዱ በመጀመሪያ ጉዞው ይመታል። ስለዚህ ክፍሎቹ ስታርሊንክ የሚባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት ይገጥሙበታል፣ አንቴና ይቀይራሉ፣ ካሜራ ይጨምራሉ፣ ከሁለት ከተመቱ ሮቦቶች አንድ የሚሠራ ያወጣሉ። ይህን የሚያደርጉት ከግንባሩ ጀርባ ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ጋራዡ ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ ብየዳ ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ሞተር ይፈልጋል። መንግሥትም ይገዛል፤ መከላከያ ሚኒስቴሩ በ2025 ብቻ 15,000 የምድር ሮቦት ለማድረስ ማቀዱን አስታውቆ ነበር። ለጋራዡ መለዋወጫ በፍጥነት የሚደርሰው ግን እኔ እንዳየሁት የበጎ ፈቃደኛው ገንዘብ ነው። የባለቤትህን ወንድም ክፍል መርዳት ከፈለግክ አንድ ጊዜ ብዙ ሰጥተህ ከምትጠፋ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለመለዋወጫ ብትልክ የበለጠ ትጠቅማለህ። ይህን የምልህ ቆሞ ዝገት የጀመረ ውድ ማሽን ስላየሁ ነው፤ የጎደለው ባትሪ ብቻ ነበር።

ይደርሳል ወይ ላልከው፦ አብዛኛው ይደርሳል። አጭበርባሪም አለ፤ በተለይ የእውነተኛ ዘመቻ ቪዲዮ ወስደው የካርድ ቁጥሩን ብቻ የሚቀይሩ። ስለዚህ ሊንኩን ሰው ካጋራልህ መልእክት ላይ አትውሰድ፤ ከክፍሉ ወይም ከፈንዱ ከራሱ ገጽ ውሰድ። ዩክሬን ውስጥ ብዙው የሚሰበሰበው ሞኖባንክ በተባለው የስልክ ባንክ ላይ «ባንካ» በሚሉት ሒሳብ ነው፤ የተፈለገው መጠንና እስካሁን የገባው እዚያው ይታያል። መጠኑ ያልተወሰነ፣ «ለወታደሮቻችን» ብቻ የሚል ልመና ከሆነ እኔ አልሰጥም። ክፍሉ በአዛዥ ፊርማና ማኅተም የጻፈው የጥያቄ ደብዳቤ ይኑር፣ የሮቦቱ ዓይነት በስም ይጠቀስ፣ ሲረከቡም የርክክብ ሰነድ ይፈረም። የክፍሉ ቦታ በደብዳቤው ፎቶ ላይ ቢሸፈን አትጠርጥር፤ መሸፈን አለበት። ወረቀቱን የሚደብቅህን ግን ተወው። ባለቤትህ ወንድሟን ስትጠይቅም የት እንዳሉ በስልክ አታናግረው፤ «ይህን ዘመቻ ታውቁታላችሁ?» ማለት ይበቃል።

ሮቦት ወይስ ሌላ? ክፍሉ የጠየቀውን። ወታደሩ ቱርኒኬት ሲፈልግ ሮቦት ገዝቶ መላክ ለራስ ደስታ ነው። ቱርኒኬት ካልኩ አይቀር፣ ደም ማስቆሚያው ማሰሪያ ማለቴ ነው፣ በርካሽ ከኢንተርኔት አትግዛ። አንድ ጊዜ የመጣልንን ካርቶን የሕክምና ባለሙያዋ ከመሸኘቱ በፊት ስትፈትሸው የማጥበቂያው ዘንግ እጇ ላይ ተሰበረ። ያ ዘንግ ሰው እግር ላይ ቢሰበር ኖሮ ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ያልቅ ነበር። ሙሉ ካርቶኑን ጣልነው። ገንዘብ ለሌለው ደግሞ እጅ አለ፤ ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ውስጥ ዩክሬናውያን ተሰብስበው መሸሸጊያ መረብ ይሠራሉ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ካርቶን ጠቅልለው ሰም እያፈሰሱ ለምሽግ የሚሆን ሻማ ያዘጋጃሉ። ባለቤትህ ያሉበትን ቦታ ሳታውቅ አትቀርም፤ አብረሃት ሂድ፣ ማንም ከየት መጣህ አይልህም።

ዕቃ በራስህ መኪና ጭነህ ልትሄድ ካሰብክ ግን ቆም በል። የሌሊት መነጽርና ጥይት መከላከያ ልብስ ከጀርመን ያለ ፈቃድ ማውጣት ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ይህን መስመር የሚያውቅ የተመዘገበ ማኅበር በኩል ይሂድ። የዘመቻውን ደብዳቤ ካገኘህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ዩክሬንኛውን አንብቤ የጎደለ ነገር ካለ እነግርሃለሁ።