አሥር ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ የጀልባ ሞተር

የአንድ አንባቢ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ትንሿ ባለ ሸራ ጀልባዬ ኋላ ላይ የተንጠለጠለው ሞተር አሮጌ ቱ ስትሮክ ነው፤ 6 የፈረስ ጉልበት። ሲነሳ ጎበዝ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ይሄድና ይደክማል፣ ከዚያ ጭጭ ይላል። የቤንዚን ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ኳስ ስጨምቃት ነፍስ ይዘራል። ካንዴላ ቀይሬያለሁ። ካርቡሬተሩንም ባለሙያ ከፍቶ አጽድቶታል። ለውጥ የለም።»

የኳሷን ነገር ባትነግረኝ ኖሮ ብዙ እጠይቅህ ነበር። ሞተርህ ቤንዚን ጠምቶታል። ብልጭታ ያነሰው ሞተር ኳስ ስለተጨመቀ አያገግምም፤ ስለዚህ ካንዴላውን ተወው። እኔ የምጠረጥረው ከታንከሩ እስከ ሞተሩ ያለውን መስመር ነው። የሆነ ቦታ አየር ይስባል።

ከመነካካትህ በፊት አንድ ነገር። ታንከርህ ከመቀመጫው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ይመስለኛል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። በኖ አይጠፋም፤ ሣጥኑ ሥር ይተኛል፣ ከዚያም ወደ ጀልባው ወለል ይወርዳል። ከመብራት ማብሪያ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ሣጥኑን ከፍተህ አናፍስ፣ ታንከሩን ወደ ውጪ አውጣ። ሲጋራ አይታሰብም።

አሁን ሞተሩን አስነሳና መድከም ሲጀምር ኳሷን እያት። ጠፍጣፋ ሆና ከተጣበቀች ቤንዚኑ ከኋላዋ ታግቷል። የታንከሩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ተዘግታ ይሆናል፤ ወይም ታንከሩ ውስጥ ያለው መምጠጫ ቆሽሿል። ሳትጣበቅ ልል ከሆነች ግን ጥርጣሬዬ ልክ ነው፤ አለበለዚያም ቤንዚን የምትስበው ፓምፕ ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ የምወደው ነገር ስለሆነ። ታንከሩ ከሞተሩ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ቤንዚኑ በራሱ አይሄድም፤ መሳብ አለበት። የምትስበው ሞተሩ ጎን ላይ ያለች ትንሽ ፓምፕ ናት። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ፓምፗን የሚያዞር ማርሽ የለም። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ከሥሩ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ያ ትርታ በቀጭን ቀዳዳ አልፎ ፓምፗ ውስጥ ያለችውን ስስ ሜምብሬን ወዲህ ወዲያ ያደርጋታል። ጉልበቷ ይኸው ነው፤ ብዙ አይደለም። ስትስብ ታዲያ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው አየር ያንሳል። ስለዚህ ስንጥቅ ካለ ቤንዚን ወደ ውጪ አይንጠባጠብም፤ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። በተቀደደ ስትሮ እንደመጠጣት ነው። ሰው ሁሉ ቱቦውን ዳስሶ «ደረቅ ነው፣ ደህና ነው» የሚለው ለዚህ ነው። ስትነሳ ኳሷን ጨምቀህ ካርቡሬተሩን ስለሞላኸው ይሄድልሃል። ቀስ በቀስ ግን የሚገባው ቤንዚን ከሚቃጠለው ያንስና ይደርቃል።

ኳሷን ስትጨምቅ ግፊቱ ይገለበጣል። ሞተሩን አጥፍተህ እስክትጠነክር ጨምቃት፤ ላይዋ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ሞተሩ፣ በሞተሩ በኩል ያለው ጫፏ ወደ ላይ ይሁን። መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ጨርቁ ቤንዚን ከሸተተ አገኘኸው። ካልሸተተም ነጻ ነው ብለህ አትፍረድ፤ ሲገፋ ተዘግቶ ሲሳብ የሚከፈት ቀዳዳ አለ።

ቁርጡን የሚነግርህ የሌላ ሰው ታንከር ነው። ከነቱቦውና ከነኳሱ ተዋስና ግጠም። ውስጡ ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን መሆኑን አረጋግጥ፤ ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። 50 ለ1 የሚል ሞተር ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። አሥር ደቂቃው በሰላም ካለፈ ሞተሩ ንጹህ ነው። የራስህን ቱቦ፣ ኳስና ቱቦው ሞተሩ ላይ የሚገጠምበትን የመሰኪያውን ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ባንድ ላይ ቀይር። በርካሽ ኳስ አትታለል። ውስጧ ያሉት ቫልቮች ገና ከመደርደሪያው ሳትወርድ የላሉ ናቸው። በፕላስቲክ ማሰሪያ የታሰረ ቱቦ ካየህም በጥሰህ ጣለው፤ ደህና ፋሼታ (የብረት ማሰሪያ) እሰርበት።

መሰኪያው ላይ ሲሊኮን የተቀባ ነገር ካለ ደግሞ የቀድሞው ጠጋኝ ሥራ ነው። ሲሊኮን ከቤንዚን ጋር አይስማማም፤ ያብጣል፣ ይላላጣል፣ ቁራጩ ካርቡሬተር ይደፍናል። ያ ባለሙያ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ በሽቦ ወግቶ ከሆነም ጠይቀው። ያቺ ቀዳዳ በልክ የተበሳች ናት፤ በሽቦ ከሰፋች አትመለስም።

በተዋስከው ታንከርም ከጠፋ ፓምፗን ፍታ። ሜምብሬኗን ወደ ብርሃን አንስተህ እያት። ከደረቀች፣ ከተጨማደደች ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካላት ከነጓርኒሲዮኗ (ከነማሸጊያዋ) ቀይር። ስትፈታ ቤንዚን ይፈሳል፤ ጨርቅ አንጥፍ። የረጠበውን ጨርቅ እዚያው ሣጥን ውስጥ አትወርውረው። ትነቱ ይተኛል ብዬሃለሁ!

ይህን ሁሉ ስትሞክር ሞተሩን ያለ ውሃ አታስነሳ፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕ ጎማ ቶሎ ይበላል። ለወራት የቆመ ቤንዚን ካለህም አራግፈው፤ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ሞተር ብዙ ስለማይሠራ ቤንዚኑ እዚያው ያረጃል።

አሮጌዋን ኳስ ደግሞ መጠባበቂያ ትሁነኝ ብለህ አታስቀምጣት።