መልስ፦ የማር እንጀራው ሁለት አግዳሚ ላይ ለምን ይጣበቃል?

ጥፋቱ የንቦቹ ሳይሆን የልኩ ነው። ራስህ የሠራኸው የሽግግር ቀፎ (በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለ ቀፎ) አግዳሚዎች፣ ማለትም ንቦቹ እንጀራውን የሚያንጠለጥሉባቸው ከላይ የሚደረደሩ እንጨቶች፣ 40 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው ብለሃል፤ ለአገራችን ንብ የሚስማማው 32 ነው። ሲሰፋባት እንጀራውን አጣምማ ከጎረቤቱ አግዳሚ ጋር ታያይዘዋለች።

እንጨቱን አትጣለው። በአካባቢህ ያለ አናጺ በመጋዝ ያጠብልሃል። ከዚያ በእያንዳንዱ አግዳሚ ሆድ ላይ መሃል ለመሃል ቀጭን ቦይ አስወጣና የቀለጠ ንጹሕ ሰም አፍስስበት፤ ንቦቹ ያንን መስመር ይዘው ይሠራሉ። ስትደረድራቸው ክፍተት አይኑር።

ብቻ የቀፎውን ውስጥ ቀለም እንዳትቀባ! እኔ ከቤት እድሳት የተረፈኝን የዘይት ቀለም «እንጨቱ እንዳይበሰብስ» ብዬ ቀብቼ፣ መንጋው በሦስተኛው ቀን ጥሎኝ ሄደ። አሁን ውስጡን በወይራ ጭስ ከማጠን በቀር ምንም አልነካውም።