የአያት ስም መመሳሰልና የዘር ቆጠራ፦ ከመንዝ ለወጡ ቤተሰቦች

ሰላም ለተከበራችሁ የቡድናችን አባላት። ጠያቂያችን ያቀረቡት ጉዳይ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የአያታቸው አባት ከመንዝ ተነሥተው አርሲ ገብተዋል፤ አያታቸው እዚያው አርሲ ተወልደዋል፤ አሁን የሚጠሩበት የአያት ስም ግን በደብረ ሲና፣ በአንኮበር፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር በሚኖሩ ሰዎችም ዘንድ ተገኝቷል፤ እነዚህ ሁሉ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች መሆን አለመሆናቸው በምን ይታወቃል የሚል ነው። እኔ የአባቴንና የእናቴን ወገን ከማማ ምድር እስከ ቀወት ቆላ፣ ከዚያም እስከ ሐረርጌ ድረስ ስፈልግ ብዙ ዓመታት ስላሳለፍሁ ያገኘሁትን በዝርዝር አስረዳለሁ። ዋናውን አስቀድሜ ልናገር፤ በሰሜን ሸዋ የራቀ ዘመድ የሚገኘው ርስቱንና ደብሩን በመከተል ነው፤ ስም ከእነዚያ በኋላ የሚመጣ ማጣሪያ ነው።

በእኛ ልማድ ሦስተኛው ስም የአያት መጠሪያ ስለሆነ በየትውልዱ ይለወጣል። አንድ ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ቢወልድ የልጅ ልጆቹ በሦስተኛው ስም ይገናኛሉ፤ የእነርሱ ልጆች ግን አንዱ የአንደኛውን ወንድም፣ ሌላው የሁለተኛውን ስም ስለሚይዙ በወረቀት ላይ የሚያገናኛቸው ምንም ስም አይቀርም። እንግዲህ ሁለት ሰዎች በእውነተኛ ዝምድና አንድ የአያት ስም ከያዙ ወይ ወንድማማቾች ወይ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ ከዚያ የራቀ ዝምድና በዚህ ስም ሊገለጥ አይችልም። ጠያቂያችን ይህን በራሳቸው ጉዳይ ላይ ይመልከቱት። ከመንዝ የወጡት ቅድመ አያትዎ ናቸው፤ እርስዎ የሚጠሩበት ስም ግን አርሲ የተወለዱት አያትዎ ስም ነው። ስለዚህ አያትዎ ወይም ከእርሳቸው የተወለዱ ወደ ሰሜን ካልተመለሱ በቀር በደብረ ሲና ያለው ሰው በዚህ ስም ዘመድዎ ሊሆን አይችልም። ዘመድዎ ቢሆን እንኳ የሚገናኙት በቅድመ አያትዎ ወንድም ወይም እኅት በኩል ነውና ሊያጠያይቁበት የሚገባው ስም የቅድመ አያትዎና የወላጆቻቸው ስም ነው። ዕድሜንም ማመሳከር ይገባል፤ የ75 ዓመት ሽማግሌና የ20 ዓመት ወጣት አንድ የአያት ስም ቢይዙ፣ ያ ስም የሁለት የተለያዩ ሰዎች ስም መሆኑን መጠርጠር ይቀድማል። ኃይለ ማርያምን፣ ወልደ ጊዮርጊስን ወይም ገብረ ሥላሴን የመሰለ ስም በየአጥቢያው ሞልቷል።

በውጭ አገር ያሉትን በተመለከተ ነገሩ ሌላ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ስም የሚባል ነገር ቢያስቀምጥም በሕዝቡ ዘንድ ልማድ ሆኖ አልተያዘም። ከአገር የወጣ ሰው ግን በሄደበት ቅጽ ላይ የግድ አንድ ቋሚ ስም መሙላት ስላለበት አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል፤ ከዚያም ያ ስም ሳይለወጥ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ሁለት የእናት የአባት ልጆች በዚህ ምክንያት በሁለት የተለያዩ ስሞች የሚጠሩ ቤተሰቦችን ያፈራሉ፤ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቤተሰቦች ደግሞ በአንድ ስም ይጠራሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ስም በሦስትና በአራት ዓይነት መንገድ ስለሚጻፍ በፊደሉ መመሳሰልም ሆነ መለያየት መፍረድ አይቻልም። የውጭ አገሩን ሰው መጠየቅ ያለብዎ መጀመሪያ ከአገር የወጣው ማን እንደሆነና የዚያ ሰው ሙሉ ስም እስከ ቅድመ አያቱ ምን እንደነበር ነው።

ሌላው ችግር አንድ ሰው ብዙ ስም ያለው መሆኑ ነው። እናት ያወጣችለት ስም አለ፤ አባት የሚጠራው ስም አለ፤ የክርስትና ስሙ ለብቻው ነው፤ ዘማች ከሆነ ደግሞ በፈረስ ስሙ ይታወቃል። በአንዱ ቅርንጫፍ ኃይሌ ተብሎ የሚቆጠረው በሌላው ኃይለ ሚካኤል ሆኖ ይገኛል። በጡት ልጅነት ወይም በማደጎ ያደገ ልጅ በአሳዳጊው ስም ስለሚጠራ ስሙ ወደ አሳዳጊው፣ ደሙ ወደ ወላጁ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ደም ተቃብቶ አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በሄደበት ስሙን ብቻ ሳይሆን የአባቱንም ስም ይለውጣል፤ ልጆቹም ሳያውቁት ይኖራሉ። አንድ ቅርንጫፍ ከአንድ ሰው ወዲያ ምንም የማይቆጥር ሆኖ ካገኛችሁ ይህን ምክንያት አትርሱ፤ ስትጠይቁም በጥንቃቄ ይሁን፤ ዕርቁ ከወረደ ብዙ ዘመን ቢያልፍም የሚሰማው ሰው አለና።

አሁን ወደ ርስቱ ልምጣ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ በመንዝና በአካባቢው መሬት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አቅኚ አባት በመወለድ ነበር። የሚቆጠረውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ነበር፤ አንድ ሰው በአባቱ በኩል በአንድ አጥቢያ፣ በእናቱ በኩል በሌላ፣ በሴት አያቱ በኩል ደግሞ በሦስተኛ አጥቢያ ርስተኛ ነኝ ሊል ይችል ነበር። ስለዚህ በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው በሴት በኩል የሚመጣውን ወገን በሙሉ ያጣል። በድሮ ዘመን ባልና ሚስት ተለያይተው ሌላ ቤት መመሥረት የተለመደ ስለነበር በተለያዩ አጥቢያዎች ከተለያዩ ባሎች የወለደች አንዲት ሴት፣ በስም ፈጽሞ የማይገናኙ ቅርንጫፎችን የምታስተሳስር ሆና ትገኛለች። የእኔን የእናቴን ወገን ከቆላው ወገን ጋር ያገናኘችውም እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ ስሟን የነገሩኝም እናቶች ናቸው። ወንዶቹ ማን መሬት እንደ ወረሰ ያስታውሳሉ፤ ማን ለማን እንደተዳረች የሚያውቁት ግን ሴቶቹ ስለሆኑ እማማን ሳትጠይቁ አትመለሱ።

ርስት በክርክር ይገኝ ስለነበር የዘር ሐረግ በፍርድ ቤት ተጽፏል። ከ1967 በፊት አካባቢው በመንዝና ግሼ፣ በተጉለትና ቡልጋ፣ በይፋትና ጥሙጋ እንዲሁም በመርሐቤቴ አውራጃዎች ይተዳደር ነበር፤ ከሳሽ ርስት ሲጠይቅ ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ያለውን ትውልድ በስም መቁጠር ነበረበት። የቀድሞ የክርክር ወረቀት በአንዳንድ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ እስከ ዛሬ ይገኛል፤ ከተገኘ ከማንኛውም ሽማግሌ ቃል የበለጠ ዝርዝር ይሰጣል። ነገር ግን ተከራካሪ የሚጠቅመውን ስለሚቆጥር የአንዱን ወገን ቆጠራ ብቻ መቀበል አይገባም። የምከተለው መንገድ ይህ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ በሁሉ ነገር እየተጣሉ ሁለቱም የማይክዱት የትውልድ ደረጃ ካለ ያን እንደ እርግጠኛ እይዘዋለሁ፤ የተከራከሩበትን ደረጃ ግን ሌላ ማስረጃ እስኪገኝ በእርሳስ ጽፌ አቆየዋለሁ። የግብር ደረሰኝም ይጠቅማል፤ ሆኖም ግብሩ በአለቃው ስም ይከፈል የነበረበት ቦታ ስላለ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ሰው የእናንተ አያት ሳይሆን በአንድ አባት የሚገናኛችሁ የወገን አለቃ ሊሆን ይችላል። ልደትን በቀበሌ መዝገብ መፈለግ ለቀደሙት አባቶች አያገለግልም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው።

ዘርና መሬት እንዲህ ተያይዘው ስለኖሩ ሽማግሌዎች የማያውቁት ሰው መጥቶ ስለ ትውልድ ሲጠይቃቸው ዝም ቢሉ አያስደንቅም። ርስት ከቀረ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቢሆንም የይዞታ ክርክር አልቀረም። ስለዚህ ቃላቸውን ከመጠየቃችሁ በፊት መሬት ፍለጋ እንዳልመጣችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ከተቻለ ቄሱ ወይም የአጥቢያው የታወቀ ሰው ያስተዋውቃችሁ። ቀጥሎ የራሳችሁን ቆጠራ አስቀድሙ፤ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ቅድመ አያቴ ከዚህ አገር ወጥተው አርሲ ነው የሞቱት» ብላችሁ ዝም በሉ። የሚያውቁት ካለ የጎደለውን ራሳቸው ይሞሉታል፤ እናንተ የምትፈልጉትን ስም ቀድማችሁ ከጠራችሁ ግን እንግዳን ላለማሳፈር «አዎን» የሚሉበት ጊዜ አለ።

ጋብቻም ትልቅ ምስክር ነው። በአገራችን እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ካለ ጋብቻ ስለማይፈጸም ሽማግሌዎች አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ሽማት፣ ምንዥላት እያሉ ይቆጥራሉ። በዝምድና ምክንያት የቀረ ጋብቻ ካለ ሁለቱ ቤቶች ዘመድ እንደነበሩ ያስረዳል፤ በአንጻሩ ሁለት ቅርንጫፎች ተጋብተው ከተገኙ በዚያ ዘመን የነበሩት ሽማግሌዎች በሰባት ቤት ውስጥ እንደማይገናኙ ፈርደው ነበር ማለት ነው። «ሊጋቡ ሲሉ ዘመድ ሆነው የቀሩ ነበሩ ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ዘመድ ናችሁ ወይ?» ከሚለው ይልቅ ብዙ መልስ ያስገኛል።

ደብሩን የምፈልገው በሦስት ምክንያት ነው። የቤተሰብ መቃብር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የታወቀ ስፍራ ያለው በመሆኑ ከማን አጠገብ ማን እንደተቀበረ ማየት ይቻላል። የብራና መጻሕፍት በዳርቻቸውና በጸሎቱ መካከል የአጽሐፊዎችን (መጽሐፉን ያስጻፉትን ሰዎች) እና የሰጪዎችን ስም ይይዛሉ፤ ነገር ግን የሚጻፈው የክርስትና ስም ስለሆነ የቅድመ አያትዎን የክርስትና ስም ሳያውቁ ብራና ፊት መቆም ትርፍ የለውም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብዙ የሸዋ አድባራት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ስለተነሡ አንዳንዱን ዛሬ በኢንተርኔት መመልከት ይቻላል። ሦስተኛው ምክንያት ንግሥ ነው፤ በታቦቱ ዓመታዊ በዓል ከየአገሩ የተበተነው ወገን ስለሚሰበሰብ በአንድ ቀን ከብዙ ቅርንጫፍ ሰው ጋር መነጋገር ይቻላል።

የስደቱ ዘመንም መለየት አለበት፤ የትኛውን ዱካ መከተል እንዳለብን የሚወስነው እርሱ ነውና። በ1870ዎቹ ወደ አርሲና ወደ ሐረር የወረደው ዘማች የሄደው መኳንንቱን ተከትሎ ስለሆነ በየትኛው ደጃዝማች ወይም ፊታውራሪ ሥር እንደነበር ከታወቀ ከየትኛው ወረዳ እንደተነሣ መገመት ይቻላል፤ የአንድ አገር ሰዎች አብረው ይዘምቱ፣ አብረውም ይሰፍሩ ነበር። በክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 የተሰደደው ግን ምግብ ወዳለበት የሄደ ስለሆነ አለቃ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው የመንገዱ ትዝታ ብቻ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 አካባቢው የአርበኞች ምድር ስለነበር ቤትና ወረቀት ተቃጥሏል፤ ሰውም ተበትኗል። በ1977 ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ወደ ምዕራብ የሄዱት ደግሞ ዕድሜያቸው የፈቀደላቸው ዛሬም በሕይወት ስላሉ ፈጥኖ ቃላቸውን መቅዳት ይገባል።

ወደ ሩቁ ስትቆጥሩ ቁጥሩ ራሱ እንዲመሰክር አድርጉ። በአፈ ታሪክ መንዝን ያቀኑት ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባሉ ሦስት አባቶች ናቸው ይባላል፤ የሸዋ ነገሥታት ሐረግ መነሻ የሆኑት የአጋንቻው ነጋሢ ክርስቶስም የኖሩት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃና በ18ኛው መባቻ ነው። አንዱን ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ብንይዘው ከዚያ ወዲህ ከ11 እስከ 13 ትውልድ አልፏል። ስለዚህ ከነጋሢ እስከ ራሱ በስድስት ትውልድ የሚቆጥር ሰው ካገኛችሁ በመካከል የተዘለሉ አባቶች አሉ። በእናትም በአባትም ስንቆጥር በ11ኛው ትውልድ የእያንዳንዳችን ወላጆች በቁጥር 2048 ይሆናሉ፤ በዚያ ርቀት መንዝ ሁሉ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከደብረ ሲናው ሰው ጋር ያላችሁን ዝምድና ግን አያስረዳም። የዘረመል ምርመራም እንዲሁ ቅርብ ዘመድን ሲያሳይ ጥሩ ነው፤ ለብዙ ዘመን እርስ በርሱ በተጋባ ሕዝብ መካከል ሩቁን ቅርንጫፍ ለይቶ አያወጣም።

ጠያቂያችን፣ የሚቀጥለውን ለመርዳት እንድንችል እባክዎ እነዚህን ይጻፉልን፤ ቅድመ አያትዎ ከየትኛው መንዝ (ከማማ፣ ከላሎ ወይስ ከጌራ ምድር)፣ ከየትኛው አጥቢያ እንደተነሡ፤ የክርስትና ስማቸውን፤ የእናታቸውን ስምና የእናታቸውን አገር፤ ከማን ጋር እንደ ዘመቱ፤ በአርሲ በሰፈሩበት ቦታ የተተከለው ታቦት የማን እንደሆነ፤ ሰፋሪዎች የአገራቸውን ታቦት የሚተክሉበት ጊዜ ነበርና። ቦታው ማማ ምድር ሆኖ ከተገኘ በሞላሌ ዙሪያ ያሉትን አጥቢያዎች ስለማውቃቸው በየትኛው ንግሥ ቢሄዱና ከእነማን ቢጀምሩ እንደሚሻል በግል መልእክት እነግርዎታለሁ።