የሚሻለው ባትሪ የትኛው ነው ለምትሉኝ ወጣት መሐንዲሶች

ውድ ወጣቶች፣

በቅርቡ ትምህርቷን የጨረሰች አንዲት መሐንዲስ «ኃይል ለማጠራቀም ከሁሉም የሚሻለው ቴክኖሎጂ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ ቃል እንድመልስላት ጠብቃ ነበር፤ እኔ ግን በሐሳብ ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ተራራ አናት ላይ ወደማውቀው የባትሪ ክፍል ሄድኩ። የዚያን ጣቢያ ዕቃ የገዙት ሰዎችም የጠየቁት ይህንኑ ነበርና። የሚሻለውን ጠየቁ፣ በጊዜው የሚሻለው ተገዛላቸው፣ እርሱም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ስለ ማንኛውም ማጠራቀሚያ ስታጠኑ ምን ያህል እንደሚይዝ ከመጠየቃችሁ በፊት በምን እንደሚሞት ጠይቁ የምለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጣቢያው የሬዲዮ መልእክትን ከአንድ ተራራ ተቀብሎ ወደ ሌላው የሚያሻግር ነበር። ቀን ሶላር ፓነሎች ይመግቡታል፣ ደመናው ሲበረታ የናፍጣ ጄኔሬተር ይነሣል፣ ሌሊቱን በሙሉ ግን ጭነቱን የሚሸከሙት በተከታታይ የተያያዙ 24 የሊድ አሲድ ሴሎች፣ ማለትም በሊድ (እርሳስ) ፕሌቶችና በአሲድ የሚሠሩ ነጠላ ባትሪዎች ነበሩ። አንዱ ሴል ወደ 2 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ሁሉም በአንድነት 48 ቮልት ይሆናሉ። ማቀፊያቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ስለነበር ፕሌቶቹን በዓይን ማየት ይቻል ነበር፤ አዎንታዊው ቡናማ፣ አሉታዊው ግራጫ።

ይህ ዓይነቱ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ከሠራው ጀምሮ በመሠረቱ አልተለወጠም። በአንዱ ፕሌት ላይ ሊድ ዳይኦክሳይድ፣ በሌላው ላይ ቀዳዳ የበዛበት ንጹሕ ሊድ፣ በመካከላቸው ደግሞ በውኃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ አለ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ሁለቱም ፕሌቶች ወደ ሊድ ሰልፌት ይለወጣሉ፤ አሲዱም ሰልፌቱን ለፕሌቶቹ እያስረከበ ራሱ ወደ ውኃነት ይጠጋል። ሲሞላ ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የፈሳሹ እፍጋት ባትሪው ምን ያህል እንደያዘ ይናገራል፤ ሙሉ ሲሆን እንደ ባትሪው ዓይነት ከ1.21 እስከ 1.28 ይደርሳል፣ ሲራቆት ደግሞ ወደ ውኃው ወደ 1.0 እየተጠጋ ይወርዳል። ሊቲየምን ጨምሮ ብዙዎቹ ዘመናዊ ባትሪዎች እንዲህ ያለ ግልጽ ምስክር ከውስጣቸው አይሰጡም።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ቴክኒሻን ይህን ምስክር የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። በየሳምንቱ የ24ቱንም ሴሎች ክዳን ተራ በተራ ከፍተው፣ ፈሳሹን እፍጋት በሚለካው ሃይድሮሜትር ስበው፣ ተንሳፋፊው የቆመበትን ቁጥር ከክፍሉ ሙቀት ጋር በወፍራም መዝገብ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ሴሎቹን እንደ ተማሪ በተራ ቁጥራቸው ያውቋቸዋል፤ «አሥራ ሦስተኛው ዛሬም ሰንፏል» ይሉኛል። አሥራ ሦስተኛው በመደዳው መካከል ስለሆነ ከዳር ካሉት ይበልጥ ይሞቃል፤ በሙያው የታወቀው ግምታዊ ደንብ ደግሞ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል ይላል። ጋሼ ይህን ደንብ ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ከመዝገባቸው አወጡት።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ትእዛዝ ቮልቴጁ የተወሰነው ልክ ላይ እንደደረሰ ጄኔሬተሩ ይጥፋ የሚል ነበር። ትእዛዙ የጅል ትእዛዝ እንዳይመስላችሁ። የሊድ አሲድ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ገደማ ድረስ በፍጥነት ይሞላል፤ የቀረው 20 በመቶ ግን የሚቀበለው ጅረት እየቀነሰ ብዙ ሰዓታት የሚጎተት ሥራ ነው። ለዚያች ትንሽ ጅረት ትልቅ ሞተር ማስነሣት ነዳጅ ያባክናል፣ ሞተሩንም ይጎዳል። ነዳጁ በስንት ድካም ተራራ ላይ እንደሚወጣ ለሚያውቅ ሰው ትእዛዙ ትክክል ይመስላል። በወረቀት ላይ የተሠራው ስሌትም ልክ ነበር፤ ጭነቱን በሰዓቱ ሲያባዙት የባትሪው መጠን ተርፎት ነበር።

ስሌቱ የማያውቀው፣ ገና በመሞላት ላይ ያለ ባትሪ ቮልቴጅ እንደሚዋሽ ነው። ከፕሌቱ ገጽ ላይ ያለው ቀድሞ ስለሚሞላ ቮልት መለኪያው «ጠግቧል» ይላል፤ ሃይድሮሜትሩ ግን ገና ነው ይላል። ደመናማዎቹ ወራት ሲመጡ ባትሪው ለሳምንታት ከግማሽና ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሳይሞላ ውሎ አደረ። እንደዚያ ሲቆይ በፕሌቶቹ ላይ ያለው ለስላሳ ሰልፌት ወደ ጠንካራ ክሪስታል ያድጋል፤ ከጠነከረ በኋላም ወደ ሊድና ወደ አሲድ ለመመለስ አሻፈረኝ ይላል። በዚያ ላይ ከበድ ያለው አሲድ ወደ ታች እየዘቀጠ፣ ቀጭኑ ከላይ እየቀረ፣ የፕሌቱ ታችኛው ክፍል ብቻ እየሠራ ይበላሻል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አልፎ አልፎ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ረዘም አድርጎ መሙላት፣ አረፋው ፈሳሹን እንዲያማስለው። ያ አረፋ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ስለሆነ ክፍሉ አየር የሚገባበት መሆን አለበት፤ የጎደለውም በተጣራ ውኃ ይሞላል። ጋሼ የለመኑት ይህንኑ ነበር፤ ጄኔሬተሩ በየጊዜው አንድ ሙሉ ቀን ይሥራልን አሉ።

ቁጥሮቹን ከመዝገቡ ገልብጬ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። መልሱ ችግሩ የፋብሪካው ጥራት ነው የሚል ሆኖ መጣ፤ ባትሪውም በተመሳሳይ ባትሪ ተተካ፣ ትእዛዙ ግን አልተተካም። ሁለተኛው ስብስብ እንደ መጀመሪያው ሞተ። በዚህ መካከል ጋሼ በጡረታ ወጡ፤ ክፍሉ ሲጸዳም መዝገባቸው ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተጣለ። ለባትሪዎቹ አልቆጭም፤ ሊድ ይቀልጣል፣ ተመልሶ ሌላ ባትሪ ይሆናል። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ሴል በየትኛው ሙቀት፣ በየትኛው ወር፣ በምን ፍጥነት እንደደከመ የሚያሳይ የዓመታት ጽሑፍ ነበር፤ ቅጂም አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የዓለምን ላቦራቶሪዎች ዘገባ ብዙ አንብቤአለሁ፣ አንዱም ግን ያንን ክፍል አያውቀውም።

እናንተ ዛሬ እያንዳንዱን ሴል በየሰከንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ በእጃችሁ አለ። ጋሼ ቢያዩት ዕንባ ያመጡ ነበር ብዬ አስባለሁ። የምታዘባችሁ ግን መረጃውን ስታከማቹት እንጂ ስታነቡት አለማየቴ ነው፤ በየሳምንቱ የሚወጣውን የአዲስ ግኝት ወሬ ግን አንዱም አያመልጣችሁም። «ሊድ አሲድ የሽማግሌ ባትሪ ነው» የሚለውን ቀልዳችሁንም ሰምቼዋለሁ። ርካሽ ነው፣ ጠባዩ ከመቶ ዓመት በላይ ተጠንቷል፣ ሲያረጅም መልሶ መጠቀሙ ቀላል ነው፤ አትናቁት።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ያንን ጣቢያ ዛሬ ሥራ ብትሉኝ ሳላመነታ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴሎችን እደረድራለሁ፤ የአንዱ ቮልቴጅ 3.2 ስለሆነ 16ቱ ይበቃሉ። ምክንያቱ አዲስነቱ አይደለም። በሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ የሊቲየም አዮኖቹ አንዱ ኤሌክትሮድ (ፕሌት) በሆነው በግራፋይቱ ንብርብሮችና በሌላኛው ኤሌክትሮድ መዋቅር ውስጥ ገብተው ይወጣሉ እንጂ ኤሌክትሮዱ ራሱ እንደ ሊዱ ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ አይመለስም። ስለዚህ ሊድ አሲድን የሚገድለው በግማሽ መቆየት ለሊቲየም የተመቸ ኑሮ ነው። የእርሱ ሞት ሌላ ነው። ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ መቀመጥ ያስረጀዋል፤ በግራፋይቱ ላይ ያለው ስስ ሽፋን እየወፈረ ሊሠራ የሚችለውን ሊቲየም ይበላበታል። ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ደግሞ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ መግባት ትቶ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ይህ ሲደጋገም ሁለቱ ኤሌክትሮዶች በውስጥ ወደ መገናኘት (ሾርት) እና ወደ እሳት ሊያደርስ ይችላል። የተራራው ጣቢያ ሌሊት ይበርድ ነበርና የመጀመሪያ ጭንቀቴ ይህ በሆነ ነበር። ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው፣ ጉዲናፍን፣ ዊቲንግሃምንና ዮሺኖን በ2019 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ባትሪ እንኳ እንዲህ ያለ የራሱ ሕመም አለው።

ስለ ኪሎዋትና ስለ ኪሎዋት ሰዓት ልዩነት ላስተምራችሁ አልነሣም፤ የእንስራ አንገትና ሆድ ማለት ነው፤ አንገቱ በምን ፍጥነት እንደሚቀዳ፣ ሆዱ ምን ያህል እንደሚይዝ ይወስናል። የሚገርመው አንዳንዱ ቴክኖሎጂ ሁለቱን ለየብቻ እንድትገዙ መፍቀዱ ነው። በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ የዳበረው የቫናዲየም ፈሳሽ ባትሪ እንዲህ ነው፤ ኃይሉን የሚይዙት ቫናዲየም የተባለ ብረት የሟሟባቸው፣ በጋኖች የተቀመጡ ሁለት ፈሳሾች ናቸው፤ ፍጥነቱን ፈሳሾቹ የሚያልፉበት የሴሎች ክምር ይወስናል፣ መጠኑን ግን ጋኖቹ። ጋን ስትጨምሩ ሰዓት ትጨምራላችሁ። በሁለቱም ወገን ያለው ቫናዲየም ስለሆነ ፈሳሾቹ ቢቀላቀሉ እንኳ የያዙት ኃይል ይጠፋል እንጂ ፈሳሹ ለዘለዓለም አይበላሽም።

ውኃን ወደ ላይ ገፍቶ በኋላ በተርባይን በኩል መልቀቅ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከዓለም የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ሁሉ ትልቁን ድርሻ የያዘ ዘዴ ነው። ውኃውን ለመግፋት ካወጣችሁት ኃይል ውስጥ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ይመለሳል። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን 1 ኪዩቢክ ሜትር ውኃ 100 ሜትር ከፍታ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደያዘ በግምት እንድንናገር ጠየቀን፤ ሁላችንም ትልልቅ ቁጥር ጠራን። መልሱ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 1 ኪሎዋት የሚወስድ ማሞቂያ 16 ደቂቃ ያህል ያሠራል፣ አበቃ። አንድ ቶን ውኃ ተራራ ላይ አውጥታችሁ የምታገኙት ይህን ነው። ስለዚህም ይህ ዘዴ ሐይቅ የሚያክል ውኃ ይፈልጋል። በ1984 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የዌልሱ የዲኖርዊግ ጣቢያ ተርባይኖቹ በአየር ውስጥ እየተሽከረከሩ ሲጠብቁ ከቆዩ ከሩብ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከ1,300 ሜጋዋት በላይ ይሰጣል። በዕድሜ የሚወዳደረው ባትሪ የለም፤ ቦታውን ግን ተፈጥሮ ካልሰጠችው በገንዘብ አይገዛም።

የታመቀ አየርም ቦታ ይመርጣል። በጀርመን ሁንቶርፍ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየር በጨው ዋሻዎች ውስጥ እየታመቀ ይቀመጣል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፣ ያ ሙቀት ወደ ውጭ ይጣላል፤ ሲለቀቅ ደግሞ ክፉኛ ስለሚቀዘቅዝ ጋዝ አቃጥሎ ማሞቅ ግድ ይሆናል። የዘዴው ኪሳራ ያለው በዚያ በተጣለው ሙቀት ላይ ነው። ፍላይዊልን፣ ማለትም ኃይልን በመሽከርከር የሚይዘውን ከባድ መንኮራኩር፣ በአጭሩ ልለፈው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ የያዘው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፣ ነገር ግን ሰበቃ ሳያቋርጥ ስለሚበላው ለሰከንዶችና ለደቂቃዎች ሥራ እንጂ ለሌሊት አይሆንም።

ቀልጦ የሚቀመጥ ጨው ግን ደስ ይለኛል። በስፔን በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ጌማሶላር የተባለው የፀሐይ ኃይል ጣቢያ በመስታወት የተሰበሰበ የፀሐይ ሙቀትን በሶዲየም ናይትሬትና በፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅ ውስጥ እስከ 565 ዲግሪ አድርሶ ያቆያል፣ ያለ ፀሐይም እስከ 15 ሰዓት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሞቱም ግልጽ ነው፤ ወደ 220 ዲግሪ ከወረደ በቧንቧዎቹ ውስጥ ይረጋል፣ የረጋ ቧንቧ ያጋጠመው ሰውም ታሪኩን በቀላሉ አይረሳውም።

ጠያቂዬ «ሃይድሮጅንስ?» ብላ ጨምራ ነበር። በኤሌክትሪክ ውኃን ከፍላችሁ፣ ሃይድሮጅኑን አምቃችሁ፣ መልሳችሁ ኤሌክትሪክ ስታደርጉት ካስገባችሁት ሲሶው ወይም ትንሽ በለጥ ያለው ነው የሚመለሰው። በዚህ ምክንያት ብዙ ዓመት ስንቀው ኖሬአለሁ፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ አሁንም እንቀዋለሁ። ነገር ግን በየቀኑ የሚሞላና የሚራገፍ ባትሪ ዋጋውን በሺህ ለሚቆጠሩ ዙሮች ያካፍላል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚራገፍ ማጠራቀሚያ ግን በ20 ዓመት የሚያገኘው 20 ዙር ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ የሚወስነው የባከነው ኃይል ሳይሆን የመያዣው ዋጋ ይሆናል፤ 1 ኪሎግራም ሃይድሮጅን 33 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚይዝ፣ አንድ የጨው ዋሻ ደግሞ በሺህ ቶን የሚቆጠር ስለሚችል፣ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሸጋገር ኃይልን በባትሪ ለመያዝ ስሌት የጀመረ ሰው ከሁለተኛው ገጽ አያልፍም።